ማስታወቂያው ከማሰልቸቱ በላይ፦ የነፃ አፕሊኬሽን ዋጋው ምንድን ነው?

መግሪብ ደርሶ እንደሆነ ለማየት የሶላት ሰዓት አፕሊኬሽን ስንከፍት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣልን ማስታወቂያ ነው። የመዝጊያዋ ምልክት እስክትወጣ ጥቂት ሰከንድ እንጠብቃለን። ስንነካት ደግሞ አንዳንዴ ወደማናውቀው ገፅ ትወስደናለች። ብዙዎቻችን በኢንተርኔት ማስታወቂያ ብንማረር አይገርምም።

ይሁንና ጥቅሙንም መካድ አይቻልም። በነፃ የምንገለገልባቸው በርካታ አገልግሎቶች የቆሙት በማስታወቂያ ገቢ ነው። የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታ ከገቢው ከ95 በመቶ በላይ የሚያገኘው ከማስታወቂያ ነው። ሱቅ የመከራየት አቅም የሌላት እህትም የሰፋችውን ጅልባብ በጥቂት ወጪ ለፈላጊው ታስተዋውቃለች። ገዢውም መርካቶን ሳይዞር ዋጋ ማወዳደር ይችላል።

ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው? ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ማን እንዳየው አያውቅም። የስልክ ማስታወቂያ ግን የሚመረጠው ስለ እኛ በተሰበሰበ መረጃ ነው። አብዛኛው ስማርት ስልክ የማስታወቂያ መለያ ቁጥር አለው። አፕሊኬሽኖች ይህን ቁጥር ከምንገኝበት ቦታ (ሎኬሽን) ጋር አያይዘው ለሌሎች ድርጅቶች ሊልኩ ይችላሉ። መረጃው ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ መጨረሻው የት እንደሚደርስ ተጠቃሚው አያውቅም።

ይህ ባዶ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 «ማዘርቦርድ» የተባለው የቫይስ የዜና ክፍል አንድ ዘገባ አወጣ። በዘገባው መሠረት ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የወረደው የሶላት ሰዓትና የቂብላ አፕሊኬሽን «ሙስሊም ፕሮ» የተጠቃሚዎቹን ሎኬሽን «ኤክስ-ሞድ» ለተባለ መረጃ ነጋዴ ይልክ ነበር። ኤክስ-ሞድ ደግሞ ከደንበኞቹ መካከል ከአሜሪካ ጦር ጋር የሚሠሩ ተቋራጮች ነበሩበት። ሙስሊም ፕሮ መረጃን በቀጥታ ለጦሩ ሸጧል መባሉን አስተባብሎ፣ ከኤክስ-ሞድ ጋር የነበረውን ግንኙነት ማቋረጡን አስታወቀ። በጥር 2024 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ኤክስ-ሞድንና ተተኪውን ድርጅት ሰዎች የአምልኮ ቦታን ወደመሳሰሉ ስፍራዎች መሄዳቸውን የሚያሳይ መረጃ እንዳይሸጡ አገደ።

ሕጎችም እየመጡ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ የኢንተርኔት መድረኮች የሰውን ሃይማኖት መሠረት አድርገው ማስታወቂያ እንዳያነጣጥሩ ይከለክላል። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ነገር ግን በስልካችን ላይ የመጀመሪያው ጠባቂ እኛው ነን። ከዚህ በታች ያሉት ለማስተካከል አምስት ደቂቃ አይፈጁም፦

• የሶላት ሰዓት ለማወቅ የቆምንበትን ትክክለኛ ነጥብ መስጠት አያስፈልግም። አፕሊኬሽኑ የሚፈቅድ ከሆነ የከተማችንን ስም መርጠን ሎኬሽኑን እንዝጋው።

• ሎኬሽን የግድ ካስፈለገ «ሁልጊዜ» የሚለውን ትተን «አፕሊኬሽኑን ስጠቀም ብቻ» የሚለውን እንምረጥ።

• በአንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ «አድስ» የሚለውን ፈልገን የማስታወቂያ መለያ ቁጥሩን እንሰርዝ። በአይፎን ደግሞ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ ገብተን «ትራኪንግ» የሚለውን እናጥፋ።

• ስልክ ቁጥሮቻችንን ወይም ፎቶዎቻችንን ለማየት ፈቃድ የሚጠይቅ የሶላት ሰዓት አፕሊኬሽን ካጋጠመን ለምን እንደፈለገው እንጠይቅ፤ ምክንያት ካጣንለት እናጥፋው።

ይህን ስናደርግ ማስታወቂያው አይቀርም፤ ማሰልቸቱም ይቀጥል ይሆናል። የሚቀንሰው ስለ እኛ የሚሰበሰበው መረጃ ነው። የሚያሰለች ማስታወቂያ የሚወስድብን ጥቂት ሰከንዶችን ነው፤ የትኛው መስጂድ፣ በስንት ሰዓት እንደምንገባ የሚመዘግበው ግን ከዚያ የበለጠ ይወስድብናል። የራሳችንን ስልክ ካስተካከልን በኋላ የእናትና የአባቶቻችንንም ተቀብለን እናስተካክልላቸው።