ሽቶ አይስማማኝም ለምትሉ

ሽቶ ገና ሲሸታችሁ ያስነጥሳችኋል፣ ራሳችሁን ያማችኋል? ወይስ ቆዳችሁን ያሳክካችኋል? ሁለቱ ይለያያሉ።

ማስነጠሱ ወዲያው ስለሚመጣ መንስኤውን ማወቅ ቀላል ነው። የቆዳ አለርጂ ግን ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ዘግይቶ ነው የሚወጣው። አንዲት ታካሚዬ ቅዳሜ ለሠርግ ሽቶ ተቀብታ ሰኞ አንገቷ ቀልቶ አሳከካት። የጠረጠረችው ሐብሏን ነበር። ሐብሉን አውልቃም ሽቶውን በተቀባች ቁጥር ተመለሰባት።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ እጅ ላይ ረጨት አድርጎ «ተስማማኝ» ማለት አይቻልም። እኔ የምመክራችሁ ይሄን ነው፦

አንደኛ፦ ትልቁን ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊት ትንሽ ናሙና ውሰዱ። ክንዳችሁ ውስጠኛው ክፍል ላይ፣ አንድ ቦታ፣ በቀን 2 ጊዜ ለ7 ቀን ሞክሩት። ከቀላ ወይም ካሳከካችሁ አቁሙ።

ሁለተኛ፦ «ተፈጥሯዊ ነው» ሲሏችሁ አትዘናጉ። በብርቱካንና በላቬንደር ዘይት ውስጥ ያሉት ሊሞኒንና ሊናሎል አየር ሲያገኛቸው ይበልጥ አለርጂ ያስነሳሉ። ተከፍቶ የቆየ ሽቶ ይቅርባችሁ።

ሦስተኛ፦ ቆዳችሁ ላይ ሳይሆን ልብሳችሁ ላይ እርጩት። አስም ካለባችሁ ግን ይሄም አያድናችሁም፤ ሽታው ብቻ ሊቀሰቅስባችሁ ይችላል። ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ፊታችሁ ካበጠ ፈጥናችሁ ሕክምና ሂዱ።

ሽፍታው ከተመላለሰባችሁ የቆዳ ሐኪም በፓች ቴስት የትኛው ንጥረ ነገር እንደሆነ ሊለይላችሁ ይችላል። ስሙን ካወቃችሁ እሱ የሌለበትን ትመርጣላችሁ እንጂ ሽቶን ጨርሶ መተው ላያስፈልጋችሁ ይችላል።