የማዕድ ቤትዎ ሶኬት የት ነው?

በሳሪስ አቦ አካባቢ የምትኖር አንዲት እናት የሦስት ዓመት ልጇን ታቅፋ ወደምሠራበት ክሊኒክ መጣች። የልጁ ደረትና ቀኝ ክንዱ በፈላ ውሃ ተቃጥሏል። እናቱ የመኮሮኒ ድስት ከስቶቭ አንስታ ውሃውን ለማጠንፈፍ ወደ ሲንኩ ስትሄድ፣ ልጁ ከሳሎን እየሮጠ ገብቶ እግሯ ላይ ተጠመጠመ። የመጀመሪያ እርዳታ ሰጥተን ወደ ሆስፒታል የምትሄድበትን ወረቀት እየጻፍኩላት፣ ስቶቩ የት እንደሚቀመጥ ጠየቅኋት። ስቶቩ በሩ ሥር፣ ሲንኩ ደግሞ ከፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳ በመስኮቱ በኩል ነው። መካከሉ መተላለፊያ ነው። “ለምን በር ላይ አደረጋችሁት?” ስላት፣ “ዶክተር፣ ሶኬቱ ያለው እዚያ ነዋ!” አለችኝ።

ይህ መልስ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በብዙ ቤቶች ስቶቩ የሚቀመጥበትን ቦታ የሚወስነው ምግብ የሚያበስለው ሰው ሳይሆን የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሶኬት የገጠመበት ቦታ ነው። ሠራተኛው ደግሞ ድስቱ የት እንደሚያርፍ፣ ልጅ በየት በኩል እንደሚገባ የነገረው የለም። ቤት የሚያስጨርስ ሰው ስለ ካቢኔው ቀለምና ስለ ግራናይቱ ዓይነት አብዝቶ ይጨነቃል። ስለ ርቀት ግን እምብዛም አያስብም። ግድግዳው ሳይለሰንና ግራናይቱ ሳይቆረጥ የሚደረግ የግማሽ ሰዓት ምክክር ግን ከብዙ ጉዳት ያድናል።

ስቶቭ፣ ሲንክና መስኮት

ስቶቩና ሲንኩ በአንድ መስመር ወይም በማዕዘን ቢሆኑና መካከላቸው መተላለፊያ ባይኖር ይመረጣል። ከስቶቩ ግራና ቀኝ ቢያንስ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ባዶ ጠረጴዛ ይተዉ። የጋለ ድስት ሲነሳ ወዲያው የሚያርፍበት ቦታ ከሌለ ተሸክሞ መሄድ ግድ ይሆናል። በዚህ መካከልም ቃጠሎ ሊደርስ ይችላል። በሲንኩ አንድ ጎን ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ቢኖር ዕቃ ለመደርደርም ለመክተፍም ይበቃል። የጠረጴዛው ከፍታ እንደ ቁመትዎ ይለያያል፤ ከክርንዎ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ወገብዎን አያደክምም።

ስቶቩን ከሚከፈት መስኮት ሥር አያድርጉ። መጋረጃ እሳት ይይዛል። ነፋስ የጋዝ ነበልባል ሊያጠፋና ጋዙ ሳይነድ እንዲፈስ ሊያደርግ ይችላል። መስኮቱን ለመክፈትም በፈላ ድስት ላይ መንጠራራት ይመጣል። ለመስኮቱ ሥር የሚስማማው ሲንኩ ነው። ብርሃን ያገኛል፣ እርጥበቱም ቶሎ ይደርቃል። መስኮቱን ግን በዕቃ አይዝጉት። ከሰል የምናነድ ከሆነ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ገዳይ ጋዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይጠራቀማልና፣ ከሰሉን ደጅ ማንደድ ይሻላል።

ውሃና ኤሌክትሪክ

ወደ ቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። የረጠበ እጅ ከደረቀ እጅ ይልቅ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ወደ ሰውነት ያሳልፋል። ኤሌክትሪክ በደረት በኩል ካለፈ የልብን ምት ሊያዛባና ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ሶኬቱ ከሲንኩ ጠርዝ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከጠረጴዛው በላይም ከ15 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ከፍታ ይኑረው። ከስቶቩ ጀርባ አይግጠሙት፤ ለመንቀል ሲባል በእሳት ላይ እጅ መዘርጋት ይመጣልና። ኧርዝ በትክክል መሠራቱን ያረጋግጡ። ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ ውሃ ሲያፈተልክ በ30 ሚሊ አምፔር ወዲያው የሚቆርጠውን መከላከያ ብሬከርም ያስገጥሙ።

የእንጀራ ምጣድ ደግሞ የራሱን መስመር ይፈልጋል። 3 ሺህ 500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ይህን በተራ ማከፋፈያ ላይ ከስቶቭ ጋር መሰካት ገመዱን አግሎ እሳት ያስነሳል። የምጣዱ ገመድ ሰው በሚተላለፍበት ወለል ላይ አይዘርጋ።

ተከራይ ከሆኑ

ግድግዳ መብሳት ባይችሉም ስቶቩን ከበሩ ማራቅ፣ ከሲንኩ አጠገብ ያለውን ሶኬት አለመጠቀም፣ የድስት እጀታን ወደ ግድግዳ ማዞር ይችላሉ። ሲንኩ ሩቅ ከሆነ መኮሮኒውን ከነውሃው ከመሸከም በጭልፋ እያወጡ ማጥለያ ላይ ያድርጉት። በር ላይ ልጅ የሚያግድ ዝቅ ያለ መዝጊያ ማድረግም ይረዳል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ካለ ብቻውን እሳት አጠገብ እንዳይሠራ ያድርጉ።

አደጋው ከደረሰስ?

የተቃጠለውን አካል ወዲያውኑ በሚፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያቀዝቅዙ። በረዶ ግን አይጠቀሙ። እብጠት ሳይጀምር ቀለበትና አምባር ያውልቁ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ ወይም እንቁላል አይቀቡ፤ ውሃ የቋጠረውንም አያፍርጡ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። በተለይ ሕፃን ከሆነ፣ ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ከተቃጠለ፣ ወይም ቁስሉ ከተጎጂው መዳፍ ከሰፋ አይዘግዩ። በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታልና አቤት ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ይሰጣሉ።

ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ከመንካትዎ በፊት ብሬከሩን ያጥፉ። ተጎጂው ደህና ቢመስልም ልቡ መታየት አለበት። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለእሳት አደጋ 939 ይደውሉ።

ያ ልጅ አሁን ክንዱን ያንቀሳቅሳል፤ ጠባሳው ግን አብሮት ይኖራል። ቤተሰቡ አዲስ ሶኬት አስገጥሞ ስቶቩን ከሲንኩ ጎን አዛውሯል። እርስዎ ዛሬ ማታ ባዶ ድስት ይያዙና ከስቶቩ እስከ ሲንኩ ይራመዱ። በመንገድዎ ላይ በር፣ ገመድ ወይም ልጅ ካጋጠመዎት፣ ማስተካከል የሚገባዎትን አግኝተዋል።