ለንባብ ሰዓት ብቻ የሚቀያየር ክፍል

በአሜሪካ የሕዝብ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪ የሚመደበው በመሠረቱ በዕድሜው ሲሆን፣ ከዚህ የሚለዩ ሁለት አሠራሮች አሉ። አንዱ ማፋጠን፣ ማለትም ልጁ ክፍል እንዲዘል፣ በተማሪዎች አነጋገር «ደብል እንዲመታ»፣ ወይም አንድን ትምህርት ብቻ ከበላዩ ካለው ክፍል ጋር እንዲማር ማድረግ ነው፤ ሌላው በችሎታ መመደብ፣ ማለትም ተቀራራቢ ዕውቀት ያላቸውን ልጆች አንድ ላይ ማስተማር ነው።

በችሎታ መመደብ ግን አንድ ወጥ አሠራር አይደለም፤ ደጋፊዎቹም ነቃፊዎቹም ይህን ሳይለዩ ሲከራከሩ ኖረዋል። የዲትሮይት ከተማ በ1920 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ገደማ አንደኛ ክፍል የገቡትን ልጆች በአእምሮ ብቃት ፈተና ለክታ፣ የላይኞቹን 20 በመቶ «ኤክስ»፣ መካከለኞቹን 60 በመቶ «ዋይ»፣ የታችኞቹን 20 በመቶ «ዚ» በሚል በተለያየ ክፍል አስቀመጠች። በሚዙሪ የምትገኘው ጆፕሊን በ1953 የጀመረችው አሠራር ከዚህ ጋር በአንድ ስም መጠራቱ የሚያሳዝን ነው። በጆፕሊን የአራተኛ፣ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ትምህርት በአንድ ሰዓት ላይ እንዲውል ተደረገ፤ ደወሉ ሲደወል እያንዳንዱ ልጅ፣ የስንተኛ ክፍል ተማሪ መሆኑ ሳይታይ፣ የንባብ ደረጃው ወደሚፈቅድለት ክፍል ይሄዳል፤ ንባቡ ሲያልቅም ወደ እኩዮቹ ይመለሳል። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ለመድገም የሚፈጀው ጊዜ ከልጅ ልጅ እንደሚለያይ ለሚያውቅ አንባቢ ሐሳቡ እንግዳ አይሆንም።

የአሠራሩ ምስጢር ብዙዎች እንደሚመስላቸው ጎበዙን ከሰነፉ መለየቱ ሳይሆን የመምህሩን ጊዜ ማትረፉ ነው። በተለመደው ክፍል መምህሩ ልጆቹን በንባብ ደረጃ ሦስት ቦታ ከፍሎ በየተራ ስለሚያስተምር፣ አንዱን ቡድን ሲያስነብብ ሁለቱ ያለ አስተማሪ መልመጃ እየሠሩ ይጠብቃሉ፤ ስለዚህ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው የትምህርቱ ሰዓት ሢሶ ብቻ ነው። በጆፕሊን ግን በአንድ ክፍል ያሉት ሁሉ ደረጃቸው ስለሚቀራረብ መምህሩ ሰዓቱን ሙሉ ለሁሉም ያስተምራል። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ስላቪን በ1987 ቀደምት ጥናቶችን አሰባስቦ ሲመረምር፣ ልጆችን ለቀኑ ሙሉ በችሎታ በተለየ ክፍል ማስቀመጥ ውጤታቸውን ከፍ እንዳላደረገ፣ የጆፕሊን አሠራር ግን ንባብን በጉልህ እንዳሻሻለ አረጋግጧል።

ስላቪን ለዚህ ስኬት ከዘረዘራቸው ሁኔታዎች ትምህርት ቤቶች አዘውትረው የሚዘነጉት ምደባው በየጊዜው መታደስ እንዳለበት ነው። በመስከረም የተዘጋጀውን የስም ዝርዝር እስከ ሰኔ ሳይነኩ የሚያቆዩ ርእሳነ መምህራን፣ በጥቅምት ማንበብ የቻለውን ልጅ ለወራት ባለፈው ትምህርት ላይ ስለሚያስቀምጡት፣ ጆፕሊንን እንሠራለን ቢሉም የሚሠሩት የዲትሮይትን ነው። በአንጻሩ ስላቪንና ባልደረቦቹ በ1987 በባልቲሞር በአንድ ትምህርት ቤት የጀመሩት «ሰክሰስ ፎር ኦል» የተሰኘው መርሐ ግብር፣ ልጆቹን በየቀኑ ለ90 ደቂቃ ንባብ በደረጃቸው እያሰባሰበ፣ በየስምንት ሳምንቱ ገደማ ይፈትናቸውና ያደገውን ልጅ በዚያው ሰሞን ወደሚቀጥለው ክፍል ያሻግረዋል።