ዓለት የሚመግባቸው

ከጆሃንስበርግ በስተደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የምፖኔንግ ወርቅ ማዕድን በዓለም ላይ እጅግ ጥልቅ ከሆኑት የማዕድን ማውጫዎች አንዱ ነው። ቁፋሮው ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ጠልቆ ወርዷል። እዚያ ያለው ዓለት በተፈጥሮው እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያም በላይ ስለሚግል፣ ሰው ገብቶ እንዲሠራ ከላይ በረዶና ቀዝቃዛ አየር ይላካል። መሰርሰሪያው አንዳንዴ ውኃ ያቆረ ስንጥቅ ይወጋና ትኩስና ጨዋማ ውኃ እየተስፈነጠረ ይወጣል። ለቆፋሪዎቹ ይህ አደጋ ነው። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምድር ሊቅ ቱሊስ ኦንስቶት ግን ለዓመታት ወደ ደቡብ አፍሪካ የተመላለሰው ይህንኑ ውኃ ፍለጋ ነበር።

እርሱና ባልደረቦቹ በ2.8 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ከተገኘ አንድ ስንጥቅ 5,600 ሊትር ያህል ውኃ አጣርተው፣ በማጣሪያው ላይ የቀረውን ሁሉ ዘረመል መረመሩ። ውኃው ከምድር ገጽ ከተለየ ሚሊዮኖች ዓመታት አልፈውታል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከማሳ በተዘገነ አንድ እፍኝ አፈር ውስጥ እንኳ ሺህ ዓይነት ባክቴሪያ ተጋፍቶ ይኖራል። በዚህ ውኃ ውስጥ ግን ከተገኘው ዘረመል ከ99.9 በመቶ በላይ የሚሆነው የአንድ ዝርያ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዝርያው ዴሱልፎሩዲስ አውዳክስቪያቶር ተባለ። የስሙ ሁለተኛ ክፍል በላቲን «ደፋር ተጓዥ» ማለት ሲሆን፣ የተወሰደውም ዡል ቬርን ወደ ምድር እምብርት ስለሚደረግ ጉዞ ከጻፈው ልብ ወለድ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የዚህ ባክቴሪያ ምግብ ነው። በምድር ገጽ ላይ ያለ ሕይወት ዞሮ ዞሮ የፀሐይ ጥገኛ ነው። በሬው ሣር ይበላል፣ ሣሩ ብርሃን ይበላል። ጨለማ በዋጠው የውቅያኖስ ወለል ላይ፣ ፍል ውኃ በሚፈልቅበት ቦታ የሚኖሩት እንስሳት እንኳ የሚተነፍሱት ኦክስጅን ከላይ ዕፅዋትና አልጌ በብርሃን ያመረቱት ነው። የምፖኔንጉ ባክቴሪያ ግን ከዚህ ሰንሰለት ውጭ ነው። በዙሪያው ያለው ዓለት ጥቂት ዩራኒየም አለው። ዩራኒየሙ ቀስ በቀስ ሲፈራርስ የሚለቀው ጨረር በስንጥቁ ውስጥ ያለውን የውኃ ሞለኪውል ይሰነጥቀዋል፤ በዚህም ሃይድሮጅን ይወጣል። ከተሰነጠቀው ውኃ የሚቀረው ክፍል ደግሞ ድኝ ካለባቸው ማዕድናት ጋር ተዋህዶ ሰልፌት ይፈጥራል። ባክቴሪያው ሃይድሮጅኑን ከሰልፌቱ ጋር አዋህዶ ጉልበት ያገኛል፤ ትራፊውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አድርጎ ያስወጣል። እኛን የሚገድለው ጨረር ለእርሱ ማዕዱን ያሰናዳለታል ማለት ነው። ዩራኒየም ደግሞ ለመጋመስ እንኳ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ስለሚፈጅበት ማዕዱ ቶሎ የሚነሳ አይደለም።

ብቻውን ሊኖር የቻለበትን ምክንያት ዘረመሉ ይናገራል። ካርቦን የሚገነባው ራሱ ነው፤ ናይትሮጅን ከጋዝ ሳይቀር መውሰድ ይችላል፤ ለፕሮቲን የሚያስፈልጉትን አሚኖ አሲዶች በሙሉ ያመርታል። ክፉ ዘመን ሲመጣ ጠንካራ ስፖር ሆኖ ይቆያል፣ የተሻለ ቦታ ለመፈለግም የሚዋኝበት ጅራፍ መሰል አካል አለው። ኦክስጅንን የሚቋቋምበት የተሟላ መሣሪያ ግን የለውም። ለእኛ እስትንፋስ የሆነው አየር ለእርሱ መርዝ ነው።

ይሁንና ውኃ ቀድቶ ማጣራት የሚያሳየው የታሪኩን ከፊል ብቻ ነው። በማጣሪያ የሚያዘው በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ነው። ከዓለቱ ጋር የተጣበቀው እዚያው ይቀራል፤ በጥልቁ ምድር ደግሞ ብዙው ኑሮ ያለው በዓለቱ ፊት ላይ ነው ብለው የሚያምኑ ተመራማሪዎች ጥቂት አይደሉም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ምግብ እጅግ በሳሳበት ቦታ ከውኃ ጋር መንከራተት አያዋጣም። ሕዋሱ የሚያጣብቅ ዝልግልግ ነገር አመንጭቶ ዓለቱን ይይዛል፤ ሌሎችም ይደረቡበታል፤ ባዮፊልም የሚባለው ስስ ሽፋን ይፈጠራል። ብረት፣ ማንጋኒዝ ወይም ድኝ ያለበት ማዕድን ከሆነ መሬቱ ራሱ ስንቅ ነው፤ ውኃው ደግሞ የጎደለውን ይዞለት ያልፋል።

ይህን ለማየት አመቺ የሆነው ቦታ በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ፣ ሊድ ከተማ ያለው የቀድሞው ሆምስቴክ የወርቅ ማዕድን ነው። ወርቅ ማውጣቱ በ2002 ከቆመ በኋላ የሳንፎርድ የከርሰ ምድር ምርምር ማዕከል ሆኗል። የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲዋ ማግዳሌና ኦስበርን የምትመራው ቡድን፣ የማዕድን ሠራተኞች ወርቅ ፍለጋ ከሠረሰሯቸው ያረጁ ቀዳዳዎች የተወሰኑትን ወደ መመልከቻ ጣቢያነት ለወጣቸው፤ ጥልቁ ወደ 1.5 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ተመራማሪዎቹ የማዕድን ስብርባሪዎችን፣ ለማነጻጸሪያም ብርጭቆን፣ ከቀዳዳው ውኃ ጋር አገናኝተው ለወራት ይተዋሉ። ከዚያ አውጥተው ማን ምን ላይ እንደሰፈረ በማይክሮስኮፕና በዘረመል ያያሉ። የተገኘው ነገር አሳማኝ ነው፤ በማዕድኑ ላይ የሰፈረው ማኅበር በውኃው ከሚንሳፈፈው ይለያል፣ ከማዕድን ማዕድንም ይለያያል። ሕዋሳቱ በዓለቱ ላይ እኩል አልተበተኑም፤ እዚህ ተጨናንቀው፣ እዚያ ጠፍ ትተው ይሰፍራሉ። ስለ ጥልቁ ሕይወት ስናስብ ከውኃው ይልቅ ስለ ዓለቱ ዓይነት መጠየቅ ያለብን ለዚህ ይመስለኛል።

ይህን የባክቴሪያ ሽፋን የሚግጥም አለ። በ2011 ተመራማሪው ጌታን ቦርጎኒ ከኦንስቶት ጋር ሆኖ በደቡብ አፍሪካው ቤያትሪክስ ማዕድን፣ 1.3 ኪሎ ሜትር ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የምትረዝም ትል ማግኘቱን አሳወቀ። ሃሊሴፋሎቡስ ሜፊስቶ ተባለች። የምትመገበውም ባክቴሪያ ነው። እስከዚያ ድረስ በዚያ ጥልቀት ባለብዙ ሕዋስ እንስሳ ይኖራል ብሎ የጠበቀ አልነበረም ማለት ይቻላል።

በጥልቁ ሕይወት መኖሩን የሚጠራጠሩ ሁልጊዜ ነበሩ፤ ጥርጣሬያቸውም ተገቢ ነበር። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ኤድሰን ባስቲን በ1926 ከነዳጅ ጉድጓድ ውኃ ባክቴሪያ ማግኘቱን ሲጽፍ ብዙዎች ከላይ በመሣሪያ የገባ ነው አሉ። ሰውም መሰርሰሪያም ባክቴሪያ ይሸከማሉና። ዛሬ ግን ክርክሩ ስለ መጠኑ ሆኗል። የጥልቁ ካርቦን ጥናት ኅብረት ተመራማሪዎች በ2018 ባወጡት ግምት፣ ከምድር ገጽ በታች ያለው ሕይወት ከ15 እስከ 23 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ይይዛል፤ ይህም የሰው ልጅ ሁሉ ተደምሮ ከሚይዘው በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል።

ብርሃን ብቻውን ሕይወትን እንደማያረጋግጥ ለማየት ደግሞ ዳሎል ቅርባችን ነው። ፀሐይ እንደ ልብ በሚወርድበት በዚያ የአፋር ምድር፣ በ2019 በፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ የተመራ ቡድን እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ሕይወት አላገኘም፤ በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ግን ረቂቅ ሕዋሳት አግኝቻለሁ ብሏል። ሙግቱ ባይዘጋም፣ በውብ ቀለሙ ዓለምን የሚጠራው ኩሬ አጠያያቂ ሆኖ ሳለ ጨለማው የምፖኔንግ ስንጥቅ የማያጠያይቅ መኖሪያ መሆኑ ያስደምመኛል።

ጊዜም በዚያ ሌላ ነው። ደፋሩ ተጓዥ በኋላ በሳይቤሪያና በካሊፎርኒያ ከርሰ ምድርም ተገኝቷል። በ2021 የታተመ ጥናት የሦስቱን አህጉራት ዘረመል ሲያነጻጽር ከሞላ ጎደል አንድ ሆኖ አገኘው። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ማብራሪያ፣ አህጉራት ተያይዘው ከነበሩበት ዘመን ወዲህ፣ ከ55 እስከ 165 ሚሊዮን ዓመት ድረስ፣ ዝርያው እምብዛም አልተለወጠም የሚል ነው። በሳይቤሪያ የተገኘው በቤተ ሙከራ ሲራባ ግን ከአንድ ቀን ብዙ ባልበለጠ ጊዜ ቁጥሩ በእጥፍ ያድጋል። በጥልቁ በዝግታ የሚራባ ከሆነ፣ ያ ከምግቡ ማነስ እንጂ ከተፈጥሮው አይደለም ማለት ነው።

ጉዳዩ ከሊቃውንት ጠረጴዛ አልፎ የሚነካን ወደ ጥልቁ ነገር መቅበር ስንጀምር ነው። ስዊድንና ፊንላንድ ያገለገለ የኒውክሌር ነዳጃቸውን በመዳብ ሣጥን ታሽጎ ከ400 እስከ 500 ሜትር ጥልቀት ባለ ዓለት ውስጥ ለ100,000 ዓመታት እንዲቆይ አቅደዋል። በስዊድን ኤስፖ የከርሰ ምድር ቤተ ሙከራ፣ ተመራማሪው ካርስተን ፔደርሰን ለብዙ ዓመታት ሲያጠና የቆየው የዚያን ዓለት ባክቴሪያ ነው፤ ሰልፌት ተጠቅመው የሚያስወጡት ሰልፋይድ መዳብን ይበላልና። ለዚህም ጭምር ሲባል ሣጥኑ ቤንቶናይት በሚባል ሸክላ ዙሪያውን ይታሸጋል። ሸክላው ውኃ ሲጠጣ ያብጥና ቀዳዳዎቹ ለባክቴሪያ እስከማይበቁ ድረስ ይጠባሉ፤ ከውጭ የሚመጣው ሰልፋይድም በዝግታ ብቻ ያልፋል። የሣጥኑ መዳብ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው ሲወሰን፣ ይህ ሰልፋይድ በዘመናት ምን ያህል እንደሚበላው ከስሌቱ ውስጥ ይገባል።