የበረዶ አገር አራዊትን ስለ መጎብኘት

አንድን እንስሳ በሚገባ ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የእንስሳውን አገር ሊያውቅ ይገባዋል። ይህን ከሚያስተምሩት ስፍራዎች አንዱ በሰሜን ፊንላንድ፣ ከሮቫኒየሚ ከተማ በስተደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የራኑዋ የዱር አራዊት መጠበቂያ ነው። ለጎብኚዎች የተከፈተውም እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ጫካ ውስጥ በጣውላ በተሠራው መንገድ ሲጓዙ ተኩላውን፣ ጉጉቱን፣ የዋልታ ቀበሮውንና የበረዶ አገር አጋዘኑን ይመለከታሉ። ነገር ግን ከመሄድዎ በፊት ወራቱን ይምረጡ። በታኅሣሥና በጥር የሄዱ እንደ ሆነ ቡናማውን ድብ አያገኙትም፤ ምግብ በሚታጣበት ወራት ከዋሻው ገብቶ ይተኛልና። የዋልታ ቀበሮውን ግን ነጭ ካባውን እንደ ለበሰ ያዩታል። የእኛ ክረምት ለእነርሱ በጋ ነውና በሐምሌ ቢሄዱ ድቡ ነቅቶ፣ ቀበሮውም ነጩን ጠጉር ጥሎ ይጠብቅዎታል።

የነጩ ድብ ነገር ግን ከሁሉ የተለየ ነው። ጠጉሩ ብርሃንን ስለሚበትን ነጭ መስሎ ይታያል እንጂ በእውነቱ ቀለም የለውም፤ ቆዳውም ጥቁር ነው። ይህ ድብ በፊንላንድ ዱር አይገኝም። ቤቱ በባሕር ላይ የረጋው በረዶ ነው፤ አቆስጣ የሚባለውን የባሕር እንስሳ የሚያድነው ከበረዶው ላይ ሆኖ፣ ለመተንፈስ ብቅ እስኪል በመጠበቅ ነው። በረዶው ቢቀልጥ አደኑ ይቀራል፤ አደኑ ቢቀር ረኃብ ይተካል።

እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. ካናዳ፣ ዴንማርክ፣ ኖርዌይ፣ ሶቪየት ኅብረትና አሜሪካ ነጩን ድብ ለመጠበቅ በኦስሎ ተፈራረሙ። በዚያን ጊዜ ዋናው ጠላቱ ጠመንጃ ነበር። ዛሬ ግን የምድር ሙቀት በመጨመሩ በረዶው እየሳሳ ሄዷል፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 ዓ.ም. የታየው ስፋት ሳተላይት መመዝገብ ከጀመረ ወዲህ ከሁሉ ያነሰው ነው። ጠመንጃን ውል ያስቆመዋል፤ ሙቀትን ግን የሚያግድ አጥር የለም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በባሌና በስሜን ከፍታዎች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ቁጥሩ በመቶዎች ብቻ የሚቆጠር ሲሆን እርሻና ግጦሽ ከታች ወደ ላይ እየገፉት ነው፤ ከተራራው ጫፍ በላይ ግን መሸሻ የለውም። እንግዲህ መጠበቂያ ስፍራ እንስሳውን ሊያሳየን ይችላል እንጂ አገሩን ሊተካለት አይችልም። ከጉብኝትዎ ሲመለሱ ከፎቶግራፉ ጋር ይህንንም ዕውቀት ይዘው ይመለሱ።