በመብራት ስለሚነሣ ፎቶግራፍ

እናታችን 80 ዓመት ያለፋቸው ስለ ሆኑ፥ ፎቶግራፍ ለመነሣት ፈቃዳቸው የሚገኘው ከስንት አንድ ቀን ነው። በአንድ ምሽት ፈቀዱልኝና በመብራት አነሣኋቸው። ዳሩ ግን ሥዕሉን አስፍቼ ብመለከተው ፊታቸው አሸዋ የተነሰነሰበት መስሎ ታየኝ። እኔም አይ.ኤስ.ኦ. የሚባለውን ቍጥር 6400 አድርጌው ነበርና ጥፋቱን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣልሁ።

ነገሩን ስመረምረው ግን ዋናው ጥፋተኛ የብርሃን ማነስ ሆኖ አገኘሁት። ብርሃን እንደ ዝናም በነጠብጣብ ይወርዳል እንጂ በየስፍራው ተካክሎ አይወርድም። ብርሃን በሚቀበለው በአንዱ የካሜራ ነቍጥ ላይ 10,000 ጠብታ ቢያርፍ መዛነፉ 100 ያህል፥ ይኸውም ከመቶ አንድ ነው፤ 100 ብቻ ቢያርፍ ግን መዛነፉ 10፥ ማለት ከመቶ ዐሥር ይሆናል። አይ.ኤስ.ኦ. የተገኘውን ያጐላል እንጂ ብርሃን አይጨምርም፤ ሲያጐላም ጕድለቱን ዐብሮ ያጐላል።

እንግዲህ በጨለማ ቍጥሩን 100 አድርጎ አንሥቶ፥ ሥዕሉን በኋላ ማብራት ትርፍ የለውም፤ እንዲያውም በብዙ ካሜራ ይብሳል። የሚሻለው ተነሺውን ወደ መስኮት ማቅረብ፥ የሌንሱን ቀዳዳ ማስፋት፥ ካሜራውንም አስደግፎ መዝጊያውን ማዘግየት ነው። ልጆች ግን አርፈው ስለማይቀመጡ መዝጊያው መፍጠን፥ ቍጥሩም ከፍ ማለት አለበት፤ አሸዋ ያለበት ፊት ከደበዘዘ ፊት ይሻላልና።

እናታችንን በማግሥቱ ጧት በመስኮት አጠገብ ደግሜ አነሣኋቸው። የማታውን ሥዕል ግን አልጣልሁትም፤ የሣቁት በዚያኛው ነው።