ገደል ሥር ቡና አይፈላም



ሞራችን "ከኡልፓን ውጭ የተማራችሁትን ጻፉ" ስትለን ምን ልጻፍ ብዬ ብዙ አሰብሁ። አገር ቤት የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ጽሑፌ ቢጣመም ይቅርታ አድርጉልኝ። ነገሩ ግን ልጅ ላለው ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ጻፍሁት።

ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። በትምህርት ቤቱ ገደል መውጣት የሚያስተምር ሑግ ገባ። እዚህ አገር ገደል መውጣት ስፖርት ነው፤ ቲፑስ ይሉታል። አንድ ቀን በዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት ይዞ መጣና "እማዬ፣ ፈርሚልኝ" አለኝ። እኔም "ከስሜን ገደል ጠብቄ ያሳደግሁህ ልጅ እዚህ መጥተህ ልትወድቅ ነው?" ብዬ እንቢ አልሁ። እኛ አገር ገደል የሚወጣው ፍየል የጠፋበት ወይም ማር የሚቆርጥ ሰው ነው። ለጨዋታ ብሎ የሚወጣ አላየሁም። መድሪኹ ይህን ሲሰማ "እናትህ ይምጡና በዓይናቸው ይዩ" ብሎ ላከብኝ።

ዐርብ ጠዋት ጎረቤቴን ይዤ ሄድሁ። ቦታው ከሃይፋ በስተደቡብ፣ የካርሜል ተራራ ወደ ባሕሩ በሚያይበት በኩል ነው። ጀበናውን፣ ስኒውን፣ ከሰሉን ሁሉ ይዘናል። ፀሐይ ስለነበረ ጥላ ፈልገን ልክ ከገደሉ ሥር ምንጣፍ አነጠፍን። ስኒውን ደርድረን ከሰሉን ስናወጣ ከላይ አንድ ልጅ "ኤቨን! ኤቨን!" ብሎ ጮኸ። ኤቨን ማለት ድንጋይ እንደሆነ በኡልፓን ተምሬዋለሁ። ግን "ኤቨን... ድንጋይ... ምን ድንጋይ?" ብዬ እስካስብ ድረስ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ወርዶ ምንጣፋችን ላይ አረፈ። ሁለት ስኒ ተሰበረ። በእኔና በስኒው መካከል አንድ ክንድ አይሞላም ነበር። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ግን እግሬ አያውቀውም።

መድሪኹ ሮጦ መጣ። አልተቆጣም። ከገደሉ አርቆ አስቀመጠንና ሁሉንም ነገር ቀስ ብሎ አስረዳን፤ ልጄ አስተረጎመ። እኔም የገባኝን ልንገራችሁ።

ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ነው። የስሜን ተራራ ጥቁር ድንጋይ ከምድር ውስጥ በእሳት ቀልጦ የወጣ ነው አሉ። የካርሜል ድንጋይ ግን በጥንት ዘመን ከባሕር ሥር፣ ከዛጎልና ከጥቃቅን የባሕር ፍጥረት ቅሪት የተሠራ ነው። የዝናብ ውሃ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ስለዚህ ቀዳዳና ስንጥቅ ይበዛበታል፤ ልጆቹ ጣታቸውን የሚያስገቡት እዚያ ነው። ግን ያው ስንጥቅ ልል ድንጋይም ይይዛል። የሰው እጅ፣ ገመድ፣ ከላይ የሚሄድ ፍየል ወይም ሽኮኮ ሊጥለው ይችላል። አዎ፣ ያገራችን ሽኮኮ እዚህም አለ!

ልጆቹ ደግሞ እንዲያው አይንጠለጠሉም። ድንጋዩ ተበስቶ የብረት ብሎን ገብቶበታል። ልጁ ወገቡና ጭኑ ላይ ሪትማ የሚባል መታጠቂያ ይታጠቃል። እየወጣ ሳለ ገመዱን በየብሎኑ ላይ በብረት ማያያዣ ያስገባል። ከታች ጓደኛው ገመዱን ይይዛል። የእኔን ልጅ የያዘችው አንዲት ቀጭን ልጅ ናት፤ ሳያት ልቤ ድንግጥ አለ። ግን ገመዱ የሚያልፍበት ብረት አለ፤ እሱ ስለሚያግዛት ከእሷ የሚከብደውንም ልጅ ትይዛለች። እግራቸው ከመሬት ሳይነሳ በፊት አንዱ የሌላውን ቋጠሮና መታጠቂያ በዓይኑም በእጁም ያያል። የገመዱም ጫፍ ይቋጠራል፤ ሲወርዱ ገመዱ ቢያጥር ሾልኮ እንዳያልቅ ነው።

ባሕር ዳር ሲሆን ሌላ ነገር ይጨመራል። ነፋሱ ጨው ያመጣል፤ ጨው ብረት ይበላል። የማይዝግ የሚባለው ብረት እንኳ ከውስጥ ይሰነጠቃል፤ ከውጭ ሲታይ ደህና ሊመስል ይችላል። በታይላንድ ባሕር ዳር ባሉ የኖራ ድንጋይ ገደሎች ይህ ስለደረሰ ቲታኒየም በሚባል ጨው በማይበላው ብረት መቀየር ጀምረዋል። ስለዚህ ብሎኑ የዛገ ወይም የሚነቃነቅ ከሆነ ልጁ አይንጠለጠልበትም፤ ለመድሪኹ ይናገራል።

አሁን እኛ ወላጆች ስንሄድ ማድረግ ያለብንን ልጻፍ።

አንደኛ፣ ከሚወጣ ሰው በታች አትቀመጡ፤ ጥላ ቢኖርም። ሕፃን ልጅ አታስጠጉ። ገደሉ አጠገብ የሚቆም ሁሉ፣ ገመድ የሚይዘውም ጭምር፣ ካስዳ ያድርግ። "ኤቨን" ሲባል ቀና ብላችሁ አትዩ፤ ራሳችሁን ሸፍናችሁ ከገደሉ ጋር ተጣበቁ።

ሁለተኛ፣ እሳት አታንድዱ። ይህ ለኛ ከባድ ነው፤ ቡና ያለ ከሰል ምን ቡና ነው? ግን በዲሴምበር 2010 ካርሜል ሲቃጠል 44 ሰዎች ሞተዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው። እኔ አሁን ቡናውን ቤት አፍልቼ በቴርሞስ ነው የምወስድ።

ሦስተኛ፣ አበባ አትቁረጡ። በዝናቡ ወራት ከድንጋዩ ስንጥቅ ራኬፌት የሚባል አበባ ይበቅላል። ሲያዩት ያምራል፤ መቁረጥ ግን በሕግ ክልክል ነው። ወፍ ጎጆ ሠርታ ጫጩት የያዘችበትንም ገደል አትጠጉ፤ እናቲቱ ደንግጣ ጥላቸው ትሄዳለች።

አራተኛ፣ በተሠራው መንገድ ብቻ ሂዱ። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ልጆቹም ለእጃቸው የሚቀቡትን ነጭ ዱቄት ሲጨርሱ ከድንጋዩ በብሩሽ ይጠርጉ፤ ነገ ሌላ ሰው ይመጣል።

አምስተኛ፣ ቦታው ሽሙራት ቴቫ ከሆነ በፈለግነው ቦታ መውጣት አይቻልም። አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

አንድ ነገር አትርሱ፤ ባሕር ዳር ያለ ገደል ሁሉ አንድ አይደለም። በናታንያና በአሽቀሎን ዳርቻ ያለው ቢጫ ገደል ኩርካር ይባላል። በኖራ የተጣበቀ አሸዋ ነው። ከታች ማዕበሉ፣ ከላይ ዝናቡ ይበላዋል፤ ሳይታሰብ ይናዳል። እሱ አይወጣም፤ ከሥሩም አይቀመጡም፤ አፋፉም ላይ አይቆሙም።

እዚያ ቀን ስንመለስ መንገዱ ላይ ቢጫ ሰሌዳ አየሁ። ስንሄድ አጠገቡ አልፈን ነበር። ፊደሎቹን አንድ አንድ እያልሁ አነበብኋቸው፦ "ዘሂሩት"። ተጠንቀቁ ማለት ነው። ጠዋት አንብቤው ቢሆን ስኒዎቼ አይሰበሩም ነበር።

ወረቀቱን ፈረምሁ። ግን ዝም ብዬ አልፈረምሁም። ሞራዬ ጋ ወስጄ እያንዳንዱን መስመር አስነብቤ፣ ገብቶኝ ነው። እናንተም ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ፤ ያልገባችሁንም ሰሌዳ ጠይቁ እንጂ አትለፉ።

እነዚህን ቃላት ከልጆቻችሁ ጋር አጥኑ፦

ኤቨን — ድንጋይ
ሔቨል — ገመድ
ካስዳ — የራስ መከላከያ፣ ሄልሜት
ዘሂሩት — ተጠንቀቁ
ሰካና — አደጋ
ማፖሌት — ናዳ
አሱር — ክልክል ነው
ሙታር — ይፈቀዳል

አደጋ ቢደርስ ለአምቡላንስ 101፣ ለእሳት 102፣ ለፖሊስ 100 ደውሉ።

ልጆቻችንን እግዚአብሔር ይጠብቅልን። እኛም እንጠብቃቸው። ሻሎም።